ሲጋራ የሚሸጥ መንግሥት ሲጋራ ይከለክላልን?

በቶኪዮ በብዙ ወረዳዎች መንገድ ላይ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ሰማይ ከላይ ተከፍቶ፣ ሲጋራ መለኮስ ክልክል ነው። ከዚያው መንገድ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ስምንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ በሚቀመጥባት አንዳንድ ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ግን ሲጋራው ሕግ ፈቅዶለት ይንቦለቦላል። ውጭ ክልክል፣ ውስጥ ፈቃድ! እኛ ዘንድ «ሲጋራ ላጭስ» ያለ ሰው ከቤት ይወጣል፤ እዚያ «ላጭስ» ያለ ሰው ቤት ይገባል።

መቼም አንባቢ «የራሳችን ጉድ መች አለቀና ነው የጃፓን ቡና ቤት የምትተርክልን?» ሊለኝ ይችላል። ትንሽ ይታገሰኝ። የጃፓኑ ጭስ እኛም ቤት ገብቷል፤ የገባውም በብዙ ሚሊዮን ዶላር ነው። እደርስበታለሁ።

በመጀመሪያ የመንገዱን ነገር እንይ። («ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቺዮዳ የምትባለው የቶኪዮ ወረዳ፣ ቤተ መንግሥቱና ፓርላማው ያሉባት ማለት ነው፣ በ2002 መንገድ ላይ ሲጋራ የሚያጨስን ሰው በገንዘብ መቅጣት ጀመረች። ቅጣቱ 2,000 የን ነው። ምክንያቱ የሳንባ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በተጨናነቀ መንገድ የሚሄድ ሰው እጁ ላይ የያዘው የጋለ ሲጋራ ልክ የሕፃን ልጅ ፊት ቁመት ላይ ነው፤ የሰው ልብስ ያቃጥላል፤ ቁራጩ መሬት ላይ ይጣላል። ይኼ ለጃፓን ነውር ነው። ወረዳዋ ያነገበችው መፈክርም «ከሥነ ምግባር ወደ ደንብ» የሚል ነበር። ሌሎችም ተከተሏት። ኦሳካ በ2025 የዓለም ኤክስፖ እንግዶቿ ከመምጣታቸው በፊት በጥር ወር በመላ ከተማዋ መንገድ ላይ ማጨስን ከልክላ 1,000 የን ቅጣት ጣለች።

ሐቁን እንነጋገር ከተባለ ጃፓኖች ሲጋራውን እንኳ በሥርዓት ነው የሚያጨሱት። ብዙዎቹ ክዳን ያላት ትንሽ መተርኮሻ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ቡና ቤት ሲገቡ ባንኮኒው ላይ መተርኮሻ መኖሩን ያያሉ፤ ከሌለ ይጠይቃሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እየበላ ከሆነ ጨዋው ሰውዬ ይጠብቃል። «ስናክ» በሚባሉት፣ «ማማ» የሚሏት ሴት በምታስተዳድራቸው ትንንሽ መጠጥ ቤቶችና በአስተናጋጅ ሴቶች ክለቦች ደግሞ ደንበኛው ሲጋራውን ከፓኬቱ ሲያወጣ አስተናጋጇ ላይተሯን ለኩሳ፣ እሳቱን በሌላ እጇ ከልላ ታቀርብለታለች። መተርኮሻው ውስጥ አንድ ሁለት ቁራጭ ሲገባ፣ አመዱ እንዳይበን ንጹሑን መተርኮሻ በላዩ ደፍታ ታነሳውና ንጹሑን ትተካለታለች። የሚያስደንቅ ጥንቃቄ ነው።

ፉኩኦካ ከተማ ውስጥ ናካሱ የሚባል በወንዞች መካከል ያለ የምሽት ሰፈር አለ። እዚያ ከአንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገብቼ ሳለሁ አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ ሲጋራውን በጣቶቹ መካከል እንደያዘ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታዎን፣ ባጨስ ይከፋዎታል?» አለኝ። በስተግራው ያለውንም ሰው ጠየቀ። እንዲህ ያለ ትሕትና የት ይገኛል? ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ የምትቀዳልንን ልጅ የጠየቃት ሰው የለም። እኔ አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ እሄዳለሁ። እሷ ግን ከምሽት እስከ ሌሊት እዚያው ናት፤ ነገም እዚያው ናት። ጭሱን ከሁላችንም በላይ የምትጠጣው እሷ ናት፤ ላይተሩን የምትለኩሰውም እሷው!

ሥነ ምግባር የሚባለው ነገር ድንበሩ እዚህ ጋ ነው። ደንበኛ ለደንበኛ ይተዛዘናል፤ እንጀራዋ እዚያ ቤት የሆነ ሰው ግን ቢጠይቋትስ «አዎ ይከፋኛል» ማለት ትችላለችን? ስለዚህ ነው ሕግ ያስፈለገው።

ሕጉስ ምን አለ? በ2002 የወጣው የጤና ሕግ የቡና ቤት ባለቤቶችን «ጥረት አድርጉ» ብሎ አለፋቸው። ቅጣት የለ፣ ግዴታ የለ። በ2018 ተሻሽሎ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ጥርስ ወጣለት፦ ለሚያጨሰው ሰው እስከ 300,000 የን፣ ለባለቤቱ እስከ 500,000 የን ቅጣት። ጥሩ! ግን ጥርሱ በወጣበት ቀን ጥርሱን የሚያወልቅ አንቀጽ አብሮ ተጻፈ። ከዚያ በፊት የተከፈተ፣ የደንበኛ መቀመጫው ስፋት ከ100 ካሬ ሜትር የማይበልጥ፣ ካፒታሉም ከ50 ሚሊዮን የን የማይዘል ምግብና መጠጥ ቤት ከፈለገ ያስጨስ ተባለ። በሩ ላይ ምልክት ይለጥፍ፣ ከ20 ዓመት በታች የሆነ ደንበኛም ሠራተኛም አያስገባ፤ በቃ። የጤና ሚኒስቴሩ ራሱ በዚህ ቀዳዳ ከአገሪቱ ምግብና መጠጥ ቤቶች 55 በመቶ ያህሉ እንደሚሾልኩ ገምቶ ነበር። ግማሹ የሚሾልክበት ሕግ አጥር ነው ወይስ በር?

ሌላም ቀዳዳ አለ። ቡና ቤቱ ሲጋራ ራሱ የሚሸጥ ከሆነና ሩዝ፣ ዳቦ ወይም ፓስታ የመሰለ ዋና ምግብ የማያቀርብ ከሆነ «ለማጨስ የተቋቋመ ቤት» ተብሎ ነፃ ይወጣል። ለውዝ ካቀረብክ አጭስ፤ ሩዝ ካቀረብክ አታጭስ! ሳንባ ሩዝና ለውዝ ይለያል እንዴ?

ይህ ቀዳዳ እንዴት ተቀደደ? የጤና ሚኒስትር የነበሩት ያሱሂሳ ሺዮዛኪ በ2017 ያቀረቡት ሐሳብ ነፃ የሚወጡት ከ30 ካሬ ሜትር የማይበልጡ ቡና ቤቶችና ስናኮች ብቻ ይሁኑ የሚል ነበር። የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ተነሡባቸው። በዚያው ዓመት ግንቦት በተደረገ የፓርቲው ስብሰባ ላይ፣ ራሳቸው ከማሕፀን በር ካንሰር የዳኑት ጁንኮ ሚሃራ የተባሉ የምክር ቤት አባል ጭስ ባለበት ቤት ስለሚሠሩ የካንሰር ሕመምተኞች ሲናገሩ፣ ሂዴዮ ኦኒሺ የተባሉ ሌላ አባል «አይሥሩዋ!» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ወረወሩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላል ያገሬ ሰው። ሰውዬው በኋላ «ማለቴ ጭስ ባለበት ቤት አይሥሩ ነው» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። በነሐሴ ካቢኔው ሲዋቀር ሺዮዛኪ ከሥልጣን ወጡ። 30 የነበረው 100 ሆኖ ጸደቀ።

ለምን ቢባል፣ ውሻ በበላበት ይጮሃል። ጃፓን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ በ1985 ከመንግሥት ሞኖፖል ወደ አክሲዮን ማኅበር ተለወጠ፤ ዛሬም መንግሥት ከአክሲዮኑ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዲይዝ ሕግ ያስገድዳል። እስከ ዛሬም ባለድርሻው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። የ1984ቱ የትምባሆ ሕግ ዓላማው የትምባሆ ኢንዱስትሪው ጤናማ እድገትና የመንግሥት ገቢ መሆኑን በአንደኛው አንቀጹ ላይ ይናገራል። ልብ በሉ፣ ጤናማ እንዲሆን የተፈለገው ኢንዱስትሪው ነው! ከሲጋራ የሚሰበሰበው ግብር በዓመት ወደ 2 ትሪሊዮን የን ይጠጋል። በሌላ በኩል የጤና ሚኒስቴሩ በሰው ጭስ ምክንያት በዓመት 15,000 ያህል ጃፓናውያን እንደሚሞቱ ገምቷል። አንዱ ሚኒስቴር ሬሳ ይቆጥራል፤ ሌላው ትርፍ ይቆጥራል።

የቡና ቤት ባለቤቶቹም የሚሉት አላቸው። «ደንበኛዬ አጫሽ ነው፤ ከከለከልኩት ቤቴ ይዘጋል፤ ያልወደደው አይግባ» ይላሉ። በስድስት ወንበር ኑሮዋን የምትገፋ አሮጊት ማማ ይህን ብትል አልፈርድባትም። ነገር ግን የጃፓን አጫሽ እየቀነሰ ነው። በ1966 ከመቶ ወንዶች 84 ያህሉ ያጨሱ ነበር፤ በ2019 ግን 27 ብቻ ሆነዋል። «ያልወደደው አይግባ» የሚለውም ለደንበኛ ይሠራል እንጂ ለተቀጣሪ አይሠራም።

ለዚህ መልስ ያገኘችው ቶኪዮ ናት ባይ ነኝ። በአገረ ገዢዋ በዩሪኮ ኮይኬ ዘመን በ2018 ያወጣችው ደንብ የወለሉን ስፋት ብቻ በሜትር አልለካም። «ተቀጣሪ ሠራተኛ አለህ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ካለህ፣ ቤትህ ብትጠብም አታስጨስም። ብቻህን ወይም ከቤተሰብህ ጋር የምትሠራ ከሆነ የራስህ ጉዳይ ነው። ከተማዋ በዚህ ደንብ 84 በመቶ ያህሉ ምግብና መጠጥ ቤቶች እንደሚያዙ ገምታ ነበር። ትክክለኛው ሚዛን ይኼ ነው፤ ካሬ ሜትር አይታመምም፤ የሚታመመው ሰው ነው።

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። ይኸው የጃፓን መንግሥት አንድ ሦስተኛውን የያዘው ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅታችን 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ሌላ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን 70.95 በመቶ አደረሰ። ንያላን የሚያመርተው ፋብሪካ ማለት ነው። ሻጩ ደግሞ የኛው መንግሥት ነበር። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣና ጣሪያ ባለው የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ ሁሉ፣ ቡና ቤትና የምሽት ክለብ ሳይቀር፣ ማጨስ ተከለከለ። ካሬ ሜትር የለ፣ ሩዝና ለውዝ የለ። በወረቀት ላይ ከጃፓን እንበልጣለን!

በወረቀት ላይ ነው ያልኩት። ጥያቄዬም ይኸው ነው። እስቲ ማታ ማታ ቡና ቤቶቻችንንና የምሽት ክለቦቻችንን ዞር ዞር ብላችሁ እዩና አስተናጋጇን ከጭሱ የሚጠብቃት አዋጁ መሆኑን ንገሩኝ። ጃፓኖቹ ቀዳዳውን በሕግ ቀደዱት፤ እኛ ቀዳዳ የሌለው ሕግ ጽፈን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍንበት። አዋጁን ያወጣው ክፍል ተቆጣጣሪ ይላክ፤ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ይቅጣ። አለበለዚያ ሕጉ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የናካሱዋም የአዲስ አበባዋም አስተናጋጅ ሳንባዋ አንድ ዓይነት ነው። ትሕትና ሲጠፋ ሕግ ይተካዋል፤ ሕግ ሲተኛ ግን ማን ይተካዋል? ልብ ያለው ልብ ይበል!