እግዚአብሔር የየትኛው ክለብ ደጋፊ ነው?



ወረታ በሁለት ትልልቅ ከተሞች መካከል ናት። መንገዱ ወደ ደቡብ ባሕር ዳር ያደርሳል፣ ወደ ሰሜን ጎንደር። የእኛ ወጣቶች ልብም እንደ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ነው፤ ቡድኑን «አፄዎቹ» ይለዋል። ሌላው የባሕር ዳር ከነማ ነው፤ «የጣና ሞገዶቹ» ይላቸዋል። በአንድ መዘምራን ኅብረት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ሁለቱም አሉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚወራው ስብከቱ ብቻ እንዳልሆነ እረኛ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ወሬ የሚጠሉ አገልጋዮች አሉ። «ኳስ ዓለማዊ ነገር ነው፤ አማኝ ምን አገባው?» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምዕመናን ሲጽፍ ሯጩንና ቡጢኛውን ምሳሌ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። በከተማቸው አጠገብ፣ በኢስትሚያ፣ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ውድድር ይካሄድ ነበር። ሕዝቡ የሚያወራውን ያውቃል፤ ከዚያው ተነሥቶ ወንጌልን ያስተምራቸዋል። ስለዚህ ኳስ ማየት ኃጢአት ነው ብዬ አላስተምርም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በኳሱ ሰበብ ስለ እግዚአብሔር የምንናገረው።

ለዚህ የ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን እንውሰድ፤ ሰሜኑ ሁሉ የሚያስታውሰው ዘመን ነውና። በ2011 ፋሲል ከነማ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ለዋንጫው ሲፎካከር ቆይቶ መቐለ 70 እንደርታ ወሰደው። የ2012 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ግን ፋሲል በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ጎንደር በደስታ ሰከረች። ደስታው እስከ እኛም ድረስ መጣ።

ያን ጊዜ በብዙ አማኞች አፍ የነበረው አንድ ቃል ነበር፤ «እግዚአብሔር ዋንጫ ሰጠን»። አመስጋኝ ልብ መልካም ነው። ግን እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንጠይቅ። ለእኛ ከሰጠ ለማን ነሳ? የሌሎቹ ተጫዋቾችስ አልጸለዩም? እናቶቻቸው አልተንበረከኩም? በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ አዲስ የሊግ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ቡድኑ ግን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ዋንጫ የበረከት ማረጋገጫ ከሆነ የዚህን ወጣት ድካም ምን እንበለው?

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ዓይነቱን ሒሳብ አይቀበልም። መክብብ 9፥11 ፈጣኑ ሁልጊዜ ሩጫውን እንደማይወስድ፣ ኃያሉም ሁልጊዜ ሰልፉን እንደማያሸንፍ ይነግረናል። ጌታችንም በማቴዎስ 5፥45 አባታችን ፀሐዩንና ዝናቡን ለክፉውም ለደጉም እንደሚሰጥ አስተምሯል። በሉቃስ 13 ደግሞ ግንብ የወደቀባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተናግሯል። ያሸነፈ ሁሉ የተመረጠ አይደለም፤ የተሸነፈም ሁሉ የተጣለ አይደለም።

«ፓስተር፣ ይህ እኮ የኳስ ጨዋታ ወሬ ነው፤ ለምን ታከብደዋለህ?» የሚለኝ ይኖራል። የማከብደው ትምህርቱ ሜዳው ላይ ስለማይቀር ነው። እኛ የምንኖረው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ የአንዱን ማሳ ያጠጣሉ፤ የሌላውን ይዘውት ይሄዳሉ። «ዋንጫ ያነሳ እግዚአብሔር የወደደው ነው» ብሎ የተማረ ወጣት፣ ጎርፍ የጎረቤቱን ቡቃያ ሲወስድ ምን ይላል? «እግዚአብሔር የጠላው ነው» ማለቱ አይቀርም። ቡቃያው የተወሰደበት ሰው ራሱ በዚህ ትምህርት ካደገ ደግሞ፣ ከእህሉ ጋር እምነቱንም ያጣል። በአደባባይ እንደ ቀልድ የተጣለ ነገረ መለኮት በመከራ ቀን ሰው ይገድላል። ከሠላሳ ግብና ከአንድ ዋንጫ ይልቅ ያ ሰው ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው መዘዝ ቤቲንግ ነው። ውርርድ ዛሬ ከትንሽ ከተማ አልፎ በየእጅ ስልኩ ገብቷል። ሩዝ ተወቅቶ ተሸጦ ገንዘብ እጅ ላይ ሲገባ፣ ከፊሉ ወደ ትኬት የሚሄድበት ቤት አለ። ከዚህም የሚያሳዝነው ትኬቱ እንዲሳካ የሚጸልይ አማኝ መኖሩ ነው። ይህ ጸሎት ከየት መጣ? «እግዚአብሔር ውጤት ይሰጠናል» ካልነው ትምህርት ነው የመጣው። ውጤት የሚያድል አምላክ ካስተማርን፣ ወጣቱ ውጤቱን በብር ሊመነዝረው ቢሞክር መደነቅ የለብንም። አንተ ወንድሜ፣ አባትህ በጀርባው ጎንብሶ ያረመውን ሩዝ፣ የማታውቃቸው ሃያ ሁለት ሰዎች እግር ሥር አትጣለው።

ታዲያ ከዚያ ዘመን እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ነገር የለም ወይ? አለ፤ ብዙ አለ። ሦስቱን ልናገር።

የመጀመሪያው ትዕግሥት ነው። በ2011 ዋንጫው ለጥቂት ያመለጠው፣ በ2012 ውድድሩ የተሰረዘበት ቡድን ተስፋ ቢቆርጥ ማንም ባልፈረደበት። እርሱ ግን በ2013 እንደገና ተሰለፈ። የእኛ ሩዝ አምራች ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። በሰኔ ዘርቶ፣ ክረምቱን ውሃ ውስጥ ቆሞ አርሞ፣ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይጠብቃል። ይህ ውሃ የሚተኛበት መሬት ሩዝ እስኪመጣ ድረስ እንደ ዛሬው የሚፈለግ አልነበረም። ችግር የነበረው ውሃ ዛሬ የአገሬው እንጀራ ሆኗል። ያዕቆብ 5፥7 ጌታን የሚጠብቁ ሰዎች እንደ ገበሬ እንዲታገሡ የሚመክረው ለዚህ ነው። መጠበቅ ሥራ ፈትነት አይደለም፤ አረም እየነቀሉ መቆየት ነው።

ሁለተኛው በሰው ሜዳ መጫወት ነው። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ በየክለቡ ሜዳ አልተካሄዱም። ቡድኖቹ ሁሉ ተሰብስበው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐዋሳ ተዘዋወሩ። ጎንደር አልነበረችበትም። ፋሲል የመጀመሪያ ሻምፒዮንነቱን ያገኘው በፋሲለደስ ስታዲየም፣ በደጋፊው ጩኸት መካከል ሆኖ አልነበረም። አብዛኛው ደጋፊ ቡድኑን ያየው በቴሌቪዥን ነው። በዚህ አካባቢ የምንኖር ወንጌላውያን አማኞች ጥቂቶች ነን፤ «የራሴ ሜዳ» የምንለው ጭብጨባ ብዙ አይሰማንም። ዕብራውያን 11 የእምነት አባቶች በምድር ላይ እንግዶች ሆነው በታማኝነት እንደ ኖሩ ይነግረናል። ጭብጨባ የሌለበት ታማኝነት አለ። በገበያው ሚዛን የማያታልል፣ ጎረቤቱ ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሲሰደብ የማይሳደብ አማኝ በሰው ሜዳ መልካም እየተጫወተ ነው።

ሦስተኛው አካል መሆን ነው። 29 ግብ ያስቆጠረው ሰው ዋንጫውን አላነሳም። ይህ የአቡበከር ጉድለት አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን ቡድን ስለማይሆን ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ጳውሎስ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ዓይን እጅን አያስፈልገኝም ሊለው አይችልም። በአብያተ ክርስቲያናታችን አንድ ዘማሪ ወይም አንድ ሰባኪ ደምቆ ቀሪው ምዕመን ተመልካች ሲሆን ደስ የሚለን አለን። ወንበር የሚደረድረው፣ በሌሊት የሚማልደው፣ ለሕፃናት የሚያስተምረው ከሌለ ግን ጉባኤው ባለ 29 ግብ ተሸናፊ ነው።

ወገኖች፣ አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በዚያ ሊግ የተወዳደሩት 13 ቡድኖች ነበሩ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም። በ2011 ዋንጫውን ያነሳው ቡድን በ2013 ሜዳ ላይ አልተገኘም። ይህን የምለው የፋሲልን ድል ለማሳነስ አይደለም፤ ተጫዋቾቹ ከፊታቸው የቆመውን ሁሉ በላባቸው ነው ያሸነፉት። የምለው ደስታችን የጎደሉትን እንዳይረሳ ነው። ጦርነቱም በሩቅ አልቀረም። ዋንጫው በመጣበት ዓመት ነሐሴ ላይ ወደ እኛው ደቡብ ጎንደር ገባ፤ ጋይንትን አልፎ እስከ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደረሰ። ወረታ የዚያ መንገድ መነሻ ናት። በግንቦት የዘፈነ ሰው በነሐሴ አለቀሰ።

ያን ክረምት ተከትሎ፣ በ2014 መግቢያ ላይ ፋሲል በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተጫወተ። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ወጣ። ሳይሸነፍ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ሕግ ብቻ ተሰናበተ። የሰው አክሊል እንዲህ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥25 ጳውሎስ የሯጮቹ አክሊል የሚጠፋ፣ የእኛ ግን የማይጠፋ መሆኑን ሲነግረን ሯጮቹን እየናቀ አይደለም። እነርሱ ለሚጠፋው ያን ያህል ራሳቸውን ከገዙ፣ እኛ ለማይጠፋው ምን ያህል ልንተጋ ይገባናል ማለቱ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ተመለሱ። በእኔ አመለካከት አንድ ክርስቲያን የፋሲልም ሆነ የባሕር ዳር ደጋፊ በዚያ ዜና ከዋንጫ ቀን ባላነሰ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስ ካላለን ችግሩ ከኳሱ አይደለም። ዮናስ ነነዌ ስትድን እንዳዘነ ሁሉ፣ ልባችን ምሕረትን በክልል ከፍሎ ይሆናል። ክርስቶስ የመለያየትን ግድግዳ በሥጋው እንዳፈረሰ ኤፌሶን 2 ይነግረናል። እኛ ያንኑ ግድግዳ በመለያ ቀለም መልሰን ልንገነባው አንችልም።

ለመጸለይ ለሚፈልግ አንድ ምሳሌ ላክል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት አንድ የትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ አሰልጣኝ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ፣ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም፣ ሜዳው መካከል ተንበርክኮ ያመሰግን ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ተፈረደለት። ስለ ፍርዱ ሰዎች ብዙ ተከራክረዋል። እኔን የሚያስተምረኝ ግን ሰዓቱ ነው። የጸለየው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ የተሸነፉ ዕለትም ጸልዮአል። እንዲህ ያለ ጸሎት ዋንጫ አይጠይቅም።

እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው። ከጨዋታ በፊት ከጸለያችሁ ለሁለቱም ቡድን ጤንነትና ለደጋፊው ሰላም ጸልዩ። ቡድናችሁ ሲያሸንፍ ደስ ይበላችሁ፤ የእግዚአብሔርን ስም ግን ሌላውን ለመምቻ አታድርጉት። ቡድናችሁ ሲሸነፍም ወደ አምልኮ በዚያው ፊት ኑ። ለቤቲንግ ልታወጡት የነበረውን ብር ጎርፍ ማሳውን ለወሰደበት ጎረቤት አድርሱ፤ ያ ገንዘብ አይከስርም።

እግዚአብሔር የየትኛው ክለብ ደጋፊ ነው? የየትኛውም አይደለም። እርሱ ግን በሁለቱም ወገን ለተሰለፉት፣ በዚያ ዓመት ሜዳ ላይ ሊገኙ ላልቻሉትም ልጁን ሰጥቷል። ይህ በነጥብ የማይገኝ፣ በጨዋታ ሕግ የማይሻር ስጦታ ነው። ገና ያልተቀበላችሁት ካላችሁ ዛሬም በሩ ክፍት ነው።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።