የዓባይን ልጅ ጃር ጠማው

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይባላል። እኛ ደግሞ ጣናን ከፊት፣ ዓባይን ከጎን አድርገን ባሕር ዳር ላይ ቁጭ ብለን ጃር ጠምቶናል። ጃር ማለት፣ ለማታውቁት፣ የጃቫ ኮድ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ፋይል ነው። ቃሉ በፈረንጅ አፍ ማሰሮም ማለት ነው፤ ቀልዱን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ነገሩ ግን በእርግጥም የማሰሮ ነገር ሆኗል፦ ምንጩ ሩቅ፣ መንገዱ ደጋግሞ የሚቆረጥ፣ ቀጂው ደግሞ እያንዳንዱ ለየራሱ!

እንዴት ብትሉ፣ ስፕሪንግ የሚባለውን የጃቫ ማዕቀፍ ውሰዱ። ሮድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከነበረው ኮድ ተነሥቶ በ2004 የመጀመሪያ እትሙ የወጣ ነው። ዛሬ የጃቫ ሠራተኛ ሲፈለግ ስሙ ሳይጠራ አይቀርም። በስፕሪንግ ቡት ትንሽ ድረ ገጽ ልሥራ ያለ ተማሪ ፖም በሚባለው ፋይል ውስጥ ሁለት ሦስት ጥገኛ ጽፎ ሜቨንን ያስነሣል። ሜቨን ግን ሁለት ሦስት አምጥቶ አይመለስም። አንዱ ሌላውን እየጠራ በደርዘን የሚቆጠር ጃር ይጎርፋል፤ የሚመጣውም ሜቨን ሴንትራል ከሚባለው ከባሕር ማዶ ካለ ግምጃ ቤት ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው እነዚያኑ ፋይሎች፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቀጭን መስመር እንደገና ያስመጣል። ሠላሳ ተማሪ ባለበት ላብ ሠላሳ ጊዜ መሆኑ ነው። ይህን ሥራ ብሎ የሚጠራው ማን ነው?

መስመሩ ሲኖር እንዲህ ነው። በማይኖርበት ጊዜስ? በሰኔ 2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆየ። በእነዚያ ወራት ጃቫ የሚማር ልጅ ስክሪን ላይ ያየው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኩድ ኖት ሪዞልቭ ዲፔንደንሲስ»። ጥገኞቹን ማግኘት አልቻልኩም ማለት ነው። ማሽኑ እንኳ ችግሩን በግልጽ ይናገራል!

የሚገርመን የመስመሩ መቆረጥ ብቻ አይደለም። እሱ የእኛ ቁልፍ አይደለም፤ የቆረጠውንም መውቀስ የሚገባው ወቅሶታል፣ እኛም ወቅሰናል። የሚያበግነን «ኔትወርክ ሲመለስ እንሠራለን» የሚለው መልስ ነው። ከተማሪ ሲሰማ ያሳዝናል፤ በጀትና የሰርቨር ክፍል ካለው ሰው ሲሰማ ግን ያናድዳል። ጎበዝ፣ የጣና ገበሬ ዝናብ ሲመለስ እጠጣለሁ ብሎ አይቀመጥም፤ ጎተራም ጉድጓድም አለው። እኛ በገባንባቸው ላቦችና ቢሮዎች ውስጥ ግን የጃር ጎተራ አላየንም። ፕሮጀክተር አይተናል። ሪባን ሲቆረጥም አይተናል።

ወጣቱ ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። ሜቨን ያወረደውን ሁሉ ኤም ቱ በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያኖራል። ልጆቹ ይህን ፎልደር በፍላሽ ገልብጠው ከፔዳ ወደ ፖሊ፣ ከፖሊ ወደ ሰፈር ይዘውት ይዞራሉ። ብልሃቱን እናደንቃለን። ነገር ግን ፍላሹ ዜና አይዞም። ስፕሪንግ ቡት 3 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሲወጣ ጃቫ 17ን ግዴታ አደረገ፤ «ጃቫክስ» ይባሉ የነበሩ ብዙ ጥቅሎችም «ጃካርታ» ሆኑ። የ2.7 እትም ነፃ ድጋፍ ያበቃው በኖቬምበር 2023 ነው፤ ልክ እዚህ ስልኩ ሁሉ ድዳ በነበረበት ወቅት። መስመሩ ሲመለስ በድሮው የተማረ ልጅ አዲሱን ምሳሌ ቢገለብጥ አይሠራለት፣ ምክንያቱን የሚነግረው የለ። ስንቱ «ጃቫ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ትቶት ይሆን?

ይባስ ብሎ ደግሞ አሮጌ ጃር አሮጌ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ክፍት በርም ነው። በማርች 2022 ስፕሪንግ ፎር ሼል የተባለው ቀዳዳ ሲታወቅ መድኃኒቱ 5.3.18 እና 5.2.20 በተባሉት እትሞች ወጣ። በጃቫ 9 ወይም ከዚያ በላይ፣ በዋር ፋይል ቶምካት ላይ የተጫነ ፕሮግራም ያልታደሰ እንደሆነ ሌባ ከውጭ ሆኖ ትእዛዝ ሊያስፈጽምበት ይችል ነበር። በፍላሽ ሲዞር የከረመው ፎልደር ውስጥ ያለው የትኛው እትም ነው? ባለፍላሹን ጠይቁት።

«ታዲያ ይሄ የእናንተ የኮምፒውተር ልጆች ጣጣ ነው» የሚለን አይጠፋም። አይደለም! ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2፣ የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ሥርዓት፣ በጃቫ የተጻፈና ስፕሪንግ ላይ የቆመ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ነው፤ የእኛን አሥራ ሦስት ወር ዘመን አቆጣጠር ሳይቀር ያውቃል። (የጃቫ የራሱ የቀን ጥቅል የጃፓንንና የታይላንድን ይዞ ጳጉሜን ረስቷታል፤ እሱን ሌላ ቀን እንነታረክበታለን።) ይህ ሥርዓት አንድ ደግ ጠባይም አለው፦ መረጃ የምታስገባው ነርስ መስመር ሲጠፋባት የሞላችውን ብራውዘሩ ውስጥ አስቀምጦ ሲመለስ ይልክላታል። ለነርሷ እንዲህ ታስቦላታል። ነገ ይህን ሥርዓት የሚያስተካክለው የባሕር ዳር ልጅ ግን ኮዱን ለመገንባት እንኳ መስመር መለመን አለበት።

ጥያቄያችን ደግሞ ሰማይ አይነካም። ኔክሰስ ወይም ሪፖዚላይት የመሰለ የጃር ጎተራ አንድ ተራ ማሽን ላይ ይጫን። ሴንትራልን ሙሉውን መገልበጥ አያስፈልግም፤ ጎተራው በመካከል ቆሞ የተጠየቀውን አንድ ጊዜ ያመጣል፣ ያስቀምጣል፣ ለሁለተኛው ጠያቂ ከራሱ ይሰጣል። ተማሪው በሜቨን ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ሚረር» በሚለው ሥር የጎተራውን አድራሻ ይጻፍ፣ አለቀ። መስመሩ ቢጠፋ የግቢው የውስጥ ኔትወርክ ይሠራል። የስፕሪንግም ሰነድ ከጎኑ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱም የወጣውን አዲስ እትምና የተደፈነውን ቀዳዳ በአማርኛ ጽፎ በር ላይ የሚለጥፍ አንድ ሰው ይመደብ። አዎ፣ በወረቀት! ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም።

«ጎተራውም እኮ ያረጃል» የሚል መከራከሪያ ሰምተናል። ያረጃል፤ ካልታደሰ። ግን አንድ ጎተራ ማደስና አምስት መቶ ፍላሽ ማሳደድ አንድ ናቸው? «መብራትስ ሲጠፋ?» ላላችሁን፣ መብራት ሲጠፋ ላቡም ይጠፋልና ጥያቄው ለእኛ አይደለም። «በጀት የለም» ለምትሉ ደግሞ፣ ከየቢሮው መጋዘን አቧራ ከለበሱት ኮምፒውተሮች አንዱን ስጡን። ዲስኩን አዋጥተን እንገዛለን፤ መጫኑንም እኛው እንጭነዋለን። የሚያስቸግረን የክፍሉ ቁልፍ ነው። እሱ ያለው ባለሥልጣኑ ኪስ ውስጥ ነው፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።