«ፋይናንስ1» ማን ነው?

በዚህ ቻናል ስለ ፖለቲካ ስጽፍ ትሰድቡኛላችሁ፣ ስለ ኮምፒውተር ስጽፍ ደግሞ ትተኛላችሁ። ዛሬ እንዳትተኙ። ጉዳዩ ደመወዛችሁን ይነካል፤ ሲብስም ስማችሁን።

ሎግ ስለሚባለው ነገር ነው የማወራው። ማን ገባ፣ መቼ ገባ፣ ምን ነካ፣ ምን ለወጠ ብሎ ኮምፒውተር በራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ አገራችን ውስጥ ይህ መዝገብ የሚገለጠው ታች ያለውን ሠራተኛና ተገልጋዩን ለመያዝ ሲሆን ነው። ቁልፉን የያዘው ሰው ላይ ሲደርስ ይዘጋል። ይህን የቴክኒክ ጉድለት ነው ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የተመቸው ሰው አለ።

መጋቢት 2016ን አስታውሱ። ከመጋቢት 6 ሌሊት እስከ መጋቢት 7 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኛው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ አወጣ፣ አስተላለፈ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ኤቲኤም ላይ የነበረውን ሰልፍ በቪዲዮ አይታችኋል። በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ 25,761 ጤናማ ያልሆነ ግብይት መፈጸሙን፣ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መውጣቱን ተናገሩ። ይህ ሁሉ እስከ አሃዱ ድረስ ተቆጥሮ የታወቀው ሎግ ስላለ ነው፤ ማን፣ ስንት፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት። 15 ሺህ ገደማ ሰው የወሰደውን መለሰ። ያልመለሱ ከአምስት መቶ በላይ ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ ወጣ፣ በአንዳንድ ቅርንጫፎች ደጃፍ ላይም ተለጠፈ።

የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ባንኩም ብሔራዊ ባንክም «የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ ነው» አሉን። ማሻሻያ ደግሞ ራሱን አይጭንም። የሆነ ሰው ጭኖታል፣ የሆነ ሰው ጫን ብሎታል። የእነሱም እጅ እንደ ተማሪው እጅ ዱካ ይተዋል፤ ሊተውም ይገባል። ደጃፍ ላይ የተለጠፈው ግን የደንበኛ ፎቶ ብቻ ነበር።

ሎግን የሚያይ ሰው ሲኖር ምን እንደሚሆን ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ምሳሌ አለ። ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2010 እንደዘገበው፣ የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ ከተመረቀበት ከ2004 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል የኅብረቱ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር። ቻይና አስተባብላለች። እኔን የገረመኝ ተገኘ የተባለበት መንገድ ነው። እንደ ጋዜጣው ዘገባ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ ሰው በሌለበት ሕንፃ፣ የኔትወርኩ እንቅስቃሴ ጣሪያ ሲነካ አዩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው «በዚህ ሰዓት ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው።

አሁን ወደ ባምባሲ ልመለስ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የክፍያ መረጃ ተለውጦ ተገኘና አንዲት ሠራተኛ ተጠየቀች። ማስረጃው ምንድን ነው? ሲስተሙ ላይ የለወጠው ተጠቃሚ «ፋይናንስ1» ይላል፣ እሷም የምትሠራው በ«ፋይናንስ1» ነው። ይሁንና በ«ፋይናንስ1» የሚገቡት አራት ሰዎች ናቸው። ፓስወርዱ በስኮች ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ሻይ የምታመጣው ልጅ ሳትቀር ታውቀዋለች። እሺ ሰዓቱ ይታይና ማን ቢሮ እንደነበረ ይጣራ ብትል፣ የማሽኑ ባትሪ ሞቶ ሰዓቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ፋብሪካው ዘመን ይመለሳል። (ባምባሲ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግርም።) ባትሪው ባልሞተበት ማሽን ላይ እንኳ ነገሩ ቀላል አይደለም። ማሽኑ 2:00 ብሎ የጻፈውን ኮሚቴው ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፤ እውነቱ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በዚህች ስድስት ሰዓት ልዩነት ሰው ሊታሰር ይችላል። የልጅቷ ጉዳይ በምን አለቀ? በሽምግልና። ማን እንደለወጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በዚያው መሥሪያ ቤት ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ያለ ፊርማ ወንበር ከመጋዘን አይወጣም። አዲስ ተጠቃሚ ለመክፈት፣ ለአንድ ሰው ሥልጣን ለመጨመር፣ ሎጉን ራሱን ለማጥፋት ግን ምንም ወረቀት የለም። አለቃው ለአይቲው ይደውላል፣ «ክፈትለት» ይለዋል፣ ይከፍትለታል። ለወንበር የተጨነቅነውን ያህል ለወረዳው ገንዘብ አልተጨነቅንም።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ ሰምቼ ጠግቤያለሁ። ዊንዶውስ የደህንነት ሎግ ከነሕይወቱ ይዞ ነው የሚመጣው። ችግሩ ማንም ስላልነካው እንደመጣ መቀመጡ ነው፤ መጠኑ 20 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ሲሞላም አሮጌውን እየጠረገ በላዩ ይጽፋል። ሥራ በበዛበት ሰርቨር ላይ ይህ የጥቂት ቀን ዕድሜ ነው። ኦዲተሩ በዓመቱ ሲመጣ ምን ሊያገኝ? መጠኑን መጨመር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ብር አያስወጣም። ፋይል ማን እንደከፈተና እንደሰረዘ መመዝገብም እስኪያበሩት ድረስ ጠፍቶ ነው የሚቆየው። ሎጉን በየጊዜው ወደ ሌላ ማሽን የሚልክ መሣሪያም አብሮ ይመጣል። ይህኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሎጉን የሚጠብቀው ሰውና ሎጉ የሚጠብቀው ሰው አንድ ከሆኑ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሎጉን ያጸዳ ሰው ማጽዳቱ ራሱ በቁጥር 1102 ይመዘገብበታል። ያቺን አንዲት መስመር የሚያይ ግን በሌላ ክፍል፣ በሌላ አለቃ ሥር መቀመጥ አለበት።

«ሎግ ስለላ ነው» የሚሉም አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ለዚህም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ ሠራተኛው ምን እንደሚመዘገብበት አስቀድሞ ይነገረው፣ ጉዳዩ የማይመለከተውም አይየው። ግን ወደ ላይ ሲሆን ብቻ ስለላ የሚሆነው ለምንድን ነው? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አገልግሎት ሰጪው የእኔንና የእናንተን የግንኙነት ዱካ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ያን ጊዜ ቦታ አነሰን፣ ሲስተሙ ተጨናነቀ የሚል አልሰማንም።

መዝገብ ሲጠፋ ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ደግሞ ባምባሲ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከ2004 ጀምሮ የሱዳን ስደተኞች አጠገባችን በካምፕ ይኖራሉ። በሰኔ 2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት እርዳታው በሰፊው እየተዘረፈ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ሲያቆሙ፣ ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች ራሽናቸው ተቋረጠ። የተመለሰላቸው በ2016 መጀመሪያ ላይ፣ ቁጥጥሩ ከተጠናከረ በኋላ ነው። ስደተኛው ለአንድ ከረጢት እህል አሻራ ይሰጣል። እህሉን ከመጋዘን የሚያዝዘው ሰውስ?

ስለዚህ ከአሶሳ የሚመጡ ኦዲተሮችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሞዴል 22ን ካገላበጣችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ጋ ቁሙ። «ፋይናንስ1» የማን ስም ነው በሉ። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በማን እጅ ነው፣ እሱ የሠራውንስ የሚያየው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ራሱ» ከሆነ በሪፖርታችሁ ላይ እንደ ማንኛውም የኦዲት ግኝት፣ ከነኃላፊው ስም አስፍሩት።