ማች ያላደረገ ሐኪም «ቀረ» አይባልም



የሬዚደንሲ ማች ውጤት ከወጣ ወዲህ የሚደርሰኝ መልእክት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በፎቶና በአበባ የታጀበ ነው፤ «ዶክተር፣ ደረሰኝ!» ይላል። ሁለተኛው አጭር ነው፤ «ዶክተር፣ ዘንድሮም አልሆነም።» ለመጀመሪያዎቹ እንኳን ደስ አላችሁ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ለሁለተኛዎቹ ነው፤ ለወላጆቻቸው፣ ለጓደኞቻቸውና ለአለቆቻቸውም ጭምር።

ከሕክምናው ውጪ ላላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ተማሪ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ተምሮ፣ ኢንተርን ሆኖ ሌት ተቀን ዱቲ ገብቶ፣ ጠቅላላ ሐኪም ወይም እኛ እንደምንለው ጂፒ ሆኖ ይመረቃል። ስፔሻሊስት መሆን ከፈለገ አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናል፤ የሚፈልገውን ዘርፍና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ከዚያ ውጤቱና ምርጫው ካለው ወንበር ጋር ይዛመዳል። ማች የምንለው ይህንን ነው። ከተሳካለት እንደ ዘርፉ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዓመት ይማራል። ካልተሳካለት የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል፤ ሰዉም አንድ ቃል ይለጥፍበታል። «እገሌ ገባ፣ እገሌ ቀረ።»

የእኔ ጠብ ከዚህች «ቀረ» ከምትባል ቃል ጋር ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ወንበሩ ከአመልካቹ ካነሰ፣ ሁሉም ሌሊቱን ሙሉ ቢያነብና ሁሉም ዘጠና ቢያመጣ እንኳ ውጪ የሚሆን ሰው አለ። ፈተናው ማን ከማን እንደሚቀድም ይለያል እንጂ ማን ሐኪም እንደሆነና እንዳልሆነ አይናገርም። ሐኪም መሆናችሁማ የሙያ ፈቃድ ያወጣችሁ ቀን ያለቀ ጉዳይ ነው።

አሜሪካኖች ይህን የማዛመድ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከጀርባው ያለው ስሌት ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. የ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ለአልቪን ሮዝና ለሎይድ ሻፕሊ የተሰጠው በዚህ መሰል የማዛመድ ጥናት ነው። ይህን ያህል ተራቅቀውም በየዓመቱ ያለ ቦታ የሚሆን ሐኪም አላቸው። የሚለዩት በአነጋገራቸው ነው። ሰኞ ዕለት ቦታ ማግኘትህንና አለማግኘትህን ብቻ ይነግሩሃል፤ የት እንደተመደብክ የሚገለጸው ዓርብ ነው። በመሃል ያሉት ቀናት ቦታ ያላገኙት ባልተያዙ ወንበሮች ላይ እንዲያመለክቱ የተተዉ ናቸው። ሕመሙ አይቀርም፤ ግን ቢያንስ ሰውየው ብቻውን አይደለም፣ ነገ የሚሠራው ነገር አለው። የእኛ ልጆች ግን ውጤታቸውን የሚያዩት በስልካቸው ነው፤ ብዙ ጊዜም ዱቲ ላይ ሆነው፣ ኔትወርክ እየመጣና እየጠፋ፣ የሚቀጥለው ታካሚ በር ላይ ቆሞ።

አንዷን ላንሳ። ስሟንም ሆስፒታሏንም አልጠራም። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ እኛ አገር ደጋው ላይ ትሠራለች። ሁለተኛ ሙከራዋ ነበር፣ አልደረሳትም። ውጤቱ በወጣ በአራተኛው ቀን ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ፣ ከዚያም በአምቡላንስ የመጣች ወላድ ገጠመቻት። ልጁ እቤት ተወልዷል፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም ብሏል። ኦክሲቶሲን ተሰጣት፣ ማሕፀኗ ታሸ፤ አሁንም አልቆመም። ተማሪዬ ኮንዶም በካቴተር ጫፍ ላይ አስራ ወደ ማሕፀን አስገባችና በሳላይን ሞላችው። መድማቱ ቀነሰ። ከአስታማሚውም ከሠራተኛውም የሚገጥም ደም ተፈልጎ ተሰጣት። ከዚያ ሪፈር።

ከላሊበላ ሪፈር ማለት ምን እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። እስከ ጋሸና ብቻ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ከጋሸና ደጋውን አቋርጦ፣ የድልብን ቁልቁለት ወርዶ ወልድያ፤ ወልድያ ካልተቻለ ደሴ። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ይህ የሰዓታት ጉዞ ነው። መንገዱ በተዘጋ ቀን ግን ሪፈር ወረቀት ብቻ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ እንዲህ ያለውን ቀን ስንቴ እንዳየን እናንተው ታውቃላችሁ። ያን ቀን አገሩ ያለው ሐኪም፣ እዚያ የተገኘው ሐኪም ብቻ ነው።

ያቺ እናት ተርፋለች። ተማሪዬ ስትደውልልኝ ግን ያወራችኝ ስለ እሷ አልነበረም። «ዶክተር፣ ቤተሰቤን ምን ብዬ ልንገራቸው?» ነው ያለችኝ። የወላዷን ነገር የሰማሁት «ሥራስ እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቃት ነው።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። «ጂፒነት ይበቃሻል፣ ወገንሽን አገልግዪ፣ ስፔሻሊቲ ምን ይሠራልሻል» እያልኩ አይደለም። እንዲህ ብለው የሚመክሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወይ ራሳቸው ስፔሻሊስት ናቸው፣ ወይ ሲታመሙ አዲስ አበባ የሚሄዱ ናቸው። ልጅቷ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ መብቷ ነው፣ ብትሆንም የምንጠቀመው እኛው ነን።

የምለው ሌላ ነው። ማች ይህን ያህል የሚያመው በሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ለጠቅላላ ሐኪም ከሬዚደንሲ ውጪ የሚያድግበት መሰላል የለንም ማለት ይቻላል። አሥር ዓመት ወረዳ ላይ የሠራውም፣ ትናንት የመጣውም በሰው ዓይን እኩል «ገና ያልገቡ» ናቸው። ታካሚው ራሱ «የምን ዶክተር ነህ?» ይላል፤ «የሁሉም» ስትለው ፊቱ ይቀየራል። የደሞዙን ነገር አንስቼ አልጨርሰውም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በየቦታው ያነሱትን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ። ድሮ ተመራቂ ሐኪም ዕጣ አውጥቶ ይመደብ ነበር፤ ዛሬ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሐኪም አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማች ትምህርት ብቻ አይደለም፣ መውጫም ነው። መውጫ የተዘጋበትን ሰው «አይዞህ፣ ፈተና ነው» ብለህ ልታጽናናው አትችልም።

ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ የተፈለፈለው ከጣራው ተጀምሮ ወደ ታች ነው። ከጣራ መጀመር የተቻለው ግን ሥሩ አንድ ወጥ ዐለት ስለሆነ ነው። የጤናችን ጣራ ስፔሻሊስቱ ነው እንበል፤ ዐለቱ ጠቅላላ ሐኪሙ፣ ጤና መኮንኑ፣ አዋላጇና ነርሱ ናቸው። ዐለቱን «የቀሩ ሰዎች» እያልን የምንሠራው ጣራ በምን ላይ ሊቆም ነው? ጠቅላላ ሕክምናን ራሱን እንደ ስፔሻሊቲ የሚያስተምረው የቤተሰብ ሕክምና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። እንደ ላስታ ላለ አገር ከዚህ የሚቀርብ ዘርፍ አላውቅም፤ ግን ስንቶቻችሁ በአንደኛ ምርጫ ሞላችሁት?

ወደ ሦስተኛው መልእክት ያመጣኛል፤ እሱ ብዙ አይወራለትም። «ገብቻለሁ፣ ግን የፈለግኩት አይደለም» የሚለው። ሰርጀሪ ፈልጎ አንስቴዥያ የደረሰው፣ ውስጥ ደዌ ፈልጋ ሳይካትሪ የደረሳት። ለእናንተ የምላችሁ ይህን ነው፦ የሳይካትሪ ሬዚደንሲ እኛ አገር የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የድንገተኛ ሕክምና በ2003። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት ልሁን ያለ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ዛሬ «ይሄ ደረሰኝ» ብላችሁ የምታዝኑበት ወንበር ከአንድ ትውልድ በፊት ጨርሶ አልነበረም። ከጦርነቱ ወዲህ በኛ አካባቢ እንቅልፍ ያጣውን ሰው ደግሞ ቤት ይቁጠረው። ያለ አንስቴዥያም የሰርጀሪው ቢላ ከጠረጴዛ አይነሳም። ስድስት ወር ሥሩበት፤ ከዚያ በኋላም ካልሆናችሁ ያኔ እንነጋገር።

ላልደረሳችሁ፣ ከልምድ የምመክረው ጥቂት ነው። ሦስት አራት ቀን እዘኑ፤ ማንም አይከልክላችሁ። ከዚያ ሁለት ነገሮችን ለዩ፦ ውጤታችሁ ነው ያነሰው ወይስ ምርጫችሁ ነው የጠበበው? ሁለቱ መድኃኒታቸው ይለያያል። ውጤት ያነሰው ሰው አነባበቡን ይለውጥ፤ ብቻውን ካነበበ ሁለት ሦስት ሰው ይፈልግ፣ በየሳምንቱ ጥያቄ ይሥሩ። ሁለትና ሦስት ተፈላጊ ዘርፍ ብቻ የሞላ ደግሞ ዝርዝሩን በሰከነ ልብ ይየው። ሥራችሁን አትልቀቁ። ዱቲ ላይ ያያችሁትን ታካሚ በማስታወሻ ያዙት፣ ማታ እሱን አንብቡ፤ ከታካሚ ጋር የተነበበ ነገር አይረሳም። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ሞት ሞት ካላችሁ ግን ይህ የማች ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል፤ በዚያው ቀን ለባልደረባ ተናገሩ፣ ታከሙ። ሐኪም መሆን ከመታመም አያድንም።

ወላጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ ሲደውል «መቼ ነው ስፔሻሊስት የምትሆነው?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ማንን አከምክ?» በሉት። አለቆችም፣ የጂፒያችሁን የንባብ ቀን በዱቲ አትብሉበት። ማቹን ለምትመሩትም፦ ያልተመደበ ሰው የቱ ጋ እንደጎደለበት፣ በስንት ነጥብ እንደተቀደመ በግልጽ ሊያውቅ ይገባል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ከውድቀቱ የሚማረው ነገር የለም፣ ራሱን ብቻ ነው የሚጠላው።

«ቀረ» በአማርኛችን ሁለት ነገር ይላል። አንዱ ሳይደርስ ቀረ ነው። ሌላው ሁሉም ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ ነው። በመጀመሪያው ትርጉም ማንንም አትጥሩ። በሁለተኛው ከሆነ ግን፣ መንገዱ በተዘጋ ቀን እዚያው ለተገኛችሁልን ሁሉ እኛ የላስታ ሰዎች ባለዕዳ ነን።

ለሚቀጥለው ዙር አብሯችሁ የሚያነብ ሰው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። በርቱ።