የዘይት ግፊት ጠቋሚውና የፊዚክስ ትምህርታችን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የናፍጣ ሞተሩ የዘይት ግፊት ጠቋሚ ዝቅ እያለ ስላስቸገረው ምክር ጠየቀኝ። በጋራዥ «ወፈር ያለ ዘይት ጨምርበት» ተብሎ ኖሯል። እኔም፣ የዶክትሬት ዲግሪዬን ይዤ፣ «ትክክል ነው» አልሁት። ጠቋሚው በእርግጥ ከፍ አለ፤ ሰውየውም አመሰገነኝ። ሳምንታት ቆይቶ ግን ብሮንዚኑ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ሞተሩ መንገድ ላይ ቆመ። የአንድ ቤተሰብ እንጀራ የነበረ መኪና ለወራት ተገተረ። ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር ጣቴ የሚያመለክተው ወደ ራሴና ወደ ማስተምረው ትምህርት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሞተሩ ግርጌ ካለው ገንዳ ፓምፑ ዘይቱን ይስባል፤ በፊልትሮ አሳልፎም በሞተሩ አካል ውስጥ በተበሱ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ወደ ክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚኖች፣ ወደ ካምሻፍቱና፣ ቱርቦ ካለውም፣ ወደ ቱርቦው ዘንግ ይልከዋል። ዘይቱ ሙቀትና ጥላሸት ተሸክሞ በራሱ ክብደት ወደ ገንዳው ይመለሳል። ጠቋሚው የሚለካው በዋናው መስመር ያለውን ግፊት ሲሆን፣ ይኸውም በሞቀ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ባር አይበልጥም።

ታዲያ ዘንጉን የሚሸከመው ይህ ግፊት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1883 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቢቻም ታወር የባቡር አክስል ብሮንዚን ሲመረምር በላዩ በተበሳው ቀዳዳ ዘይት ወደ ላይ ፈሰሰ። ቀዳዳውን በውታፍ ቢደፍነው ውታፉ ተገፍቶ ወጣ። በዚያ ሙከራ ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ አልነበረም! እ.ኤ.አ. በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። የሚሽከረከረው ዘንግ ከመሐል ጥቂት ዘንበል ስለሚል ዝልግልጉን ዘይት እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል። ከጥቂት ማይክሮን በማይበልጠው በዚያ ስስ ንጣፍ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ባር ግፊት ይፈጠራል። ብረት ብረትን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። የፓምፑ ሥራ ንጣፉ እንዳይደርቅ ዘይት ማቅረብ ብቻ ነው።

እንግዲህ የጠቋሚውን ቋንቋ እናንብብ። በጠባብ ክፍተት የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን በክፍተቱ ስፋት ሣልሳይ ኃይል ያድጋል፤ በአንድ ዓይነት ግፊት ክፍተቱ እጥፍ ቢሰፋ የሚያልፈው ዘይት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፓምፑ ግን በአንድ ዙር የሚያቀርበው መጠን የተወሰነ ስለሆነ ብሮንዚኑ ሲበላ ግፊቱ ይወርዳል። ናፍጣ ሾልኮ ዘይቱን ሲያቀጥነው ወይም ፓምፑ ሲደክምም እንዲሁ። ወፍራሙ ዘይት መርፌውን ከፍ ያደርጋል እንጂ የተበላውን ብረት አይመልስም። ይባስ ብሎ በብርድ ማለዳ ብሮንዚኑ ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ጠቋሚው ሲወርድ ተገቢው እርምጃ ሞተሩን አጥፍቶ የዘይቱን ልክ ማየት፣ ግፊቱን በሌላ መለኪያ ማረጋገጥ፣ ከዚያም መንሥኤውን መፈለግ ነበር።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት ማወቅ አይገባኝም ነበርን? የሬይኖልድስን ቀመር በውጭ አገር ሳለሁ ተፈትኜበታለሁ፤ ከሞተር ጋር አያይዤው ግን አላውቅም። ዛሬም ለተማሪዎቻችን ሰበቃ ማለት የሰበቃ ድርሻ ሲባዛ በቋሚ ኃይል ነው ብለን እናቆማለን። ይህ ለደረቅ ገጽታዎች የሚሠራ ሕግ ነው። በዘይት ንጣፍ ላይ ግን ሰበቃውን በዋናነት የሚወስኑት ዝልግልግነትና ፍጥነት ናቸው።

«ይህ የመካኒኮች ሥራ ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ አልስማማም። መካኒኩ የተበላ ብሮንዚን በጥፍሩ ዳስሶ ያውቃል፤ እኛ የሣልሳይ ኃይሉን ሕግ እናውቃለን። ሁለቱ እውቀቶች ሳይገናኙ ሲቀሩ ዕዳውን የሚከፍለው ሾፌሩ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የፊዚክስ ተማሪ ቢያንስ አንድ ቀን በጋራዥ ይዋል፤ ብሮንዚኑን በማይክሮሜትር ይለካ፤ መካኒኩም በቤተ ሙከራችን እንግዳ ሳይሆን መምህር ሆኖ ይቁም እላለሁ።

ያ ሾፌር ዛሬም ሲያገኘኝ «ዶክተር» ይለኛል። ማዕረጉን የሚመጥን መልስ ግን ያን ዕለት አልሰጠሁትም።