መካን የሚለው ስም ለማን ይሰጥ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ በብዙ ነገር ላይ ስንጠቅሰው እንሰማለን፤ ይልቁንም ሊጠቀስበት በሚገባው በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ሁላችንም አፋችንን እንይዛለን። እርሱም ልጅ የማጣት ነገር ነው።

ሁለት ወጣቶች ተጋብተው ሁለትና ሦስት ዓመት ያለ ልጅ የኖሩ እንደ ሆነ ወሬው የሚነሣው በማን ላይ ነው? በሚስቲቱ ላይ ነው። ዐማት ታጕረመርማለች፤ ጎረቤት ያንሾካሹካል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ በመጨረሻም ሴቲቱ መካን ተብላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ባልዮውን «አንተስ ተመርምረሃልን?» ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም። ይህን የሚያደርገው ፊደል ያልቈጠረው ብቻ ቢሆን ባላስገረመን ነበር፤ የሚያሳዝነው ዲፕሎማውን በግድግዳ ላይ የሰቀለው ወጣት ሹምም እንዲሁ ሲያደርግ መታየቱ ነው።

እስቲ የተፈጥሮን ሥራ እንመልከት። ከአንጎል ሥር፥ የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። ከእርስዋ የሚወጡ ሆርሞኖች በደም ውስጥ እየተጓዙ ወደ ሌላው የአካል ክፍል ትእዛዝ ያደርሳሉ። ለመውለድ የሚያገለግሉት ሁለቱ ዋና ዋና መልእክተኞች በሴትም በወንድም አካል ውስጥ ያሉ ናቸው። በሴቲቱ ዘንድ በየወሩ እንቁላል እንድትበስልና እንድትወጣ ያዝዛሉ፤ በወንዱ ዘንድ ደግሞ ቈለጡ ዘር እንዲያዘጋጅና ቴስቶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን እንዲያመነጭ ያደርጋሉ። አዛዡ አንድ፥ ታዛዦቹ ሁለት ናቸው።

እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የምትቈየው ከአንድ ቀን አይበልጥም፤ የወንዱ ዘር ግን በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቈይ ይችላል። ሁለቱ የሚገናኙት ከማሕፀን ግራና ቀኝ በተዘረጉት ቀጫጭን ቱቦዎች በአንደኛው ውስጥ ነው። እንግዲህ ቱቦዎቹ በቀድሞ ሕመም ቢደፈኑ፥ የሆርሞኑ ትእዛዝ ቢታወክ፥ ወይም የወንዱ ዘር ቍጥሩ ቢያንስና እንቅስቃሴው ቢደክም ፅንስ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ልጅ ካጡት ባልና ሚስት በግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱ ችግር፥ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ጋራ ተደርቦ፥ ይገኛል።

አንዳንድ ወንድ «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ጺሜ ሙሉ፥ ጕልበቴም ያልተጓደለ ነው» ይላል። ይህ ማስረጃ አይሆንም። ጺም የሚያበቅለው ቴስቶስቴሮን በበቂ እየፈለቀ ዘሩ ግን አንሶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ይህንንም የሚያውቀው መስተዋት ሳይሆን የላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ነው።

«ሴት ልጅ ብቻ ትወልዳለች» ተብላ የምትወቀሰዋም ሴት ፍርዷ የተጣመመ ነው። አሜሪካዊቷ ሊቅ ኔቲ ስቲቨንስ በ1905 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በአንድ ነፍሳት ላይ ባደረገችው ምርምር ፆታን የሚለየው ምልክት ከአባት ዘር እንደሚመጣ አሳየች። በሰውም ዘንድ እናት ሁልጊዜ የምትሰጠው ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም ነው፤ አባት ግን ኤክስ ወይም ዋይ ይሰጣል። ዋይ የደረሰው ፅንስ ወንድ ይሆናል። አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥምና፥ ወቀሳው ለማንም አይገባም።

ምናልባት «ይህን የመሰለ ነገር በጋዜጣ መጻፍ ነውር ነው» የሚል አይታጣ ይሆናል። ጨዋነትን እኛም እንወዳለን። ነገር ግን ነውሩ የትኛው ነው? የፈጣሪን ሥራ በስሙ መጥራት ነውን? ወይስ ያልተመረመረ ባል ያልበደለችውን ሚስት ሲያሰናብት ዝም ብሎ ማየት? ጸሎቱና ስእለቱም ቢሆን ሐኪም ቤት ከመሄድ የሚከለክል አይደለም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሙሉ ሞክረው ልጅ ያጡ እንደ ሆነ፥ ሴቲቱም ዕድሜዋ ከ35 ዓመት ያለፈ እንደ ሆነ ከስድስት ወር በኋላ፥ ሁለቱም በአንድ ቀን አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ። የወንዱ ምርመራ ከሴቲቱ ይልቅ ቀላል ነውና ባልዮው ቀዳሚ ይሁን። ጋብቻ ሲፈጸም ቃል የገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ችግር ሲመጣ አንዲቱን ብቻ ለፍርድ ማቆም ከተማረ ሰው አይጠበቅም።