የሰማዩ ውሃና የጓሮው ገንዳ

ልጆች ሳለን ዝናብ ሲጀምር እናታችን “ባልዲውን ከአሸንዳው ሥር አድርጉት!” ስትል ያልሰማ ማን አለ? ከቆርቆሮው የወረደው ውሃ ልብስ ይታጠብበታል፣ ወለል ይወለወልበታል፤ ሳሙናም ቶሎ ያረፋል። የታናሽ እህቴ ባል ይህንኑ ልማድ አሜሪካ ድረስ ይዞት ሄዷል። እርሱ ሊሞላ ያሰበው ግን ባልዲ ሳይሆን መዋኛ ገንዳ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር ዳላስ፣ ቴክሳስ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። የገዙት ቤት ጓሮ ውስጥ አሮጌ ገንዳ አለ። ልስኑ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ውሃው ወጥቶ ተጠግኗል። እንደገና መሙላቱ ላይ ግን ባልና ሚስት አልተስማሙም። እርሱ “እትዬ፣ ከሰማይ በነጻ እየወረደ ለቧንቧ ለምን እንከፍላለን?” ይላል፤ አራት በርሜሎችም ከአሸንዳው ሥር ደርድሯል። እርስዋ ደግሞ “የሦስት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ነው፤ ወይ ይሞላና ይጠበቅ፣ ወይ ይደፈን” ትላለች። በመጨረሻ ስለ ገንዳው መነጋገሩን ራሱ ተዉት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ውሃው በጥልቁ በኩል እስከ ጉልበት እንኳ በቅጡ አልደረሰም። ማጣሪያው የሚሠራው ውሃው እስከ ላይኛው መምጠጫ ሲደርስ ስለሆነ ሞተሩ አልተነሣም። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ የቢምቢ እጭ ይርመሰመስበት ጀመር። ዳላስ ውስጥ ደግሞ ቢምቢ እንደ ቀላል አይታይም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢምቢ የሚተላለፈው የዌስት ናይል ቫይረስ በአካባቢው ሰዎችን ገድሏል።

አንድ ቀን ጠዋት ቡና እያፈላን ሳለ ልጁ ከአጠገባችን ጠፋ። በርሜሎቹን ለማስገባት ተብሎ የገንዳው አጥር በር ተነቅሎ ነበር። ልጁን ያገኘነው ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። አንድ ጫማው ታች ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እህቴ ምንም ሳትናገር አቅፋው ገባች። ባልዋ እዚያው ቆሞ ቀረ።

በዚያ ምሽት ወረቀት ይዘን ሦስታችንም ተቀመጥን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። የእነርሱ ጣራ 180 ካሬ ሜትር ነው። 25 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጥሩ ዝናብ ቢጥል 4,500 ሊትር ነው፤ የሚፈሰውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 3,600 ይቀራል። በርሜሎቹ ሁሉ ግን የሚይዙት 800 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው መንገድ ላይ ይፈስሳል። ገንዳው ደግሞ 8 ሜትር በ4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ነው፤ 48,000 ሊትር ይፈልጋል። በእነዚያ በርሜሎች 60 ጊዜ መሙላት ማለት ነው!

ታዲያ የዝናቡ ውሃ ከንቱ ነው? አይደለም። ቦታው ሌላ ነው። በበጋው ሙቀት ከዚያ ገንዳ በቀን ወደ 200 ሊትር ይተናል። ስለዚህ ገንዳውን አንድ ጊዜ በቧንቧ ሞልተው፣ የሚጎድለውን በዝናብ ውሃ ቢተኩ 5,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ታንከር ለ25 ቀን ይበቃል። ገንዳው በማይዋኝበት ሰዓት ከተሸፈነ ደግሞ የሚጨመረው ውሃ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል።

ጥንቃቄም አለው። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ ወደ ውጭ ይለቀቅ። አሸንዳውና ታንከሩ ወንፊት ይኑራቸው፤ ክዳኑም ይገጠም። የዝናብ ውሃ አሲድነት አለው፤ ካልሲየምም የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከልስኑ ካልሲየም እየሳበ ይበላዋል። በጥቂት በጥቂቱ ጨምሮ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.8 መጠበቅ፣ የአልካላይንና የካልሲየም መጠኑን መለካት፣ ክሎሪኑንም አለማጓደል ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን አጥሩ ነው። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሁሉ ይበልጥ የሚገድለው በውሃ መስጠም ነው። ለሕፃን ግማሽ የሞላ ገንዳም፣ ክዳን የሌለው በርሜልም ያው ነው። አጥሩ ገንዳውን በአራቱም ጎን ይክበብ፤ በሩም በራሱ የሚዘጋ ይሁን።

እህቴና ባልዋ በማግስቱ በመጀመሪያ የገዙት የበር ማጠፊያ ነበር። ታንከሩ ከወር በኋላ መጣ።

ባለ ትዳሮች ሆይ፣ ብዙዎቻችን መዋኛ ገንዳ የለንም። አሸንዳና ታንከር ግን አለን፤ ስሌቱም ለ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያው ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ያህል ይሰጣል። “በነጻ ነው” የምንለው ነገር ሁሉ የሚጠይቀው ሥራ አለ። ያንን ሥራ ማን ይሠራዋል? ልጁንስ ማን ያያል? ባልዲውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ቁጠሩ።